ጉሽ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን፣ ቤልጂየም ሉቨን ከተማ፣ ከብርዱ ሸሽቼ አንድ መጠጥ ቤት ገባሁና የስንዴ ቢራ አዘዝኩ፤ ሁጋርደን። አስተናጋጁ «ይሄ እኮ የበጋ መጠጥ ነው» አለኝ። «በእኛ አገር ጥር በጋ ነው» አልኩት። ሳቀና ቀዳልኝ።

ወፍራም፣ ስድስት ማዕዘን ያለው ብርጭቆ። ቢራው ገረጣ ያለ ቢጫ፣ ድፍርስ። ስላልተጣራ ነው። ከገብስ ብቅል ሌላ ያልበቀለ ስንዴ አለበት፤ ድንብላልና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭም ይጨመርበታል። ለስላሳ ነው፣ መጨረሻው ላይ ጎምዘዝ ይላል። ጌሾ የለመደ ምላስ ግን ምሬቱን ፈልጎ ያጣዋል።

እኔን የያዘኝ ድፍርስነቱ ነው። እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። ሳይጠልል የተቀዳ ጠላ «ጉሽ» ይባላል፤ እሷ ለእንግዳ ጉሽ አታቀርብም፣ ነውር ነው። እዚህ ጉሹን በክብር ብርጭቆ ይሸጡታል።

የዚህን ቢራ ታሪክ ብዙዎቻችን አናውቅም። ሁጋርደን ከሉቨን ብዙ የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። በአንድ ዘመን ከ30 በላይ ጠማቂዎች ነበሯት። በፈረንጆቹ 1957 የመጨረሻው ተዘጋ፤ ቢራውም ጠፋ። አስር ዓመት ገደማ ቆይቶ ፒየር ሴሊስ የሚባል ወተት አከፋፋይ እንደገና ጠመቀው። በወጣትነቱ ጎረቤቱ የነበረውን ጠማቂ ያግዝ ስለነበር እጁ አልረሳም። በ1985 ፋብሪካው ተቃጠለ፣ ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና ትልቅ ኩባንያ ገባበት፣ በኋላም ጠቀለለው። ሰውየው አሜሪካ ቴክሳስ ሄዶ እንደገና ጀመረ። በ2005 ኩባንያው ጠመቃውን ወደ ሌላ ከተማ ላዛውር ሲል ሕዝቡ ተቃወመ፤ ውሳኔው ተቀለበሰ።

አንድ ሙያ በአንድ ሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ ማለት ነው።

እኔስ? ትምህርት ቤት የእናት ሥራ ሲጠየቅ «የቤት እመቤት» ብዬ አስሞላ ነበር። ያስተማረኝ ግን ጠላው ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን እንዳገኘሁ ብር ልኬ «እማዬ፣ በቃሽ፣ ተይው» አልኳት። ውለታ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። እህቶቼም አልተማሩትም፣ እኛው ነን የከለከልነው። ጋኑ ዛሬ ጓሮ ተደፍቷል። የውጭ ቢራ ገበያችንን ወረረው እያልን ስንማረር፣ የራሳችንን ከቤታችን ያስወጣነው እኛው መሆናችንን እንረሳለን።

ከመጠጥ ቤቱ ወጥቼ ደወልኩላት። የጠላውን አሠራር ንገሪኝ አልኳት። ሳቀች።

«በስልክ ይጠነሰሳል እንዴ? ጋኑን በወይራ ስታጥነው ሽታው ነው የሚነግርህ።»

«እሺ፣ ለፋሲካ ስመጣ አብረን እንጠንስስ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ጌሾ ተወዷል» አለች ቆይታ። «ቀደም ብለህ ላክልኝ።»