ዐዋቂውን መፈለግ

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል፤ ዳሩ ግን ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ማወቅም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ይሠሩበታል፤ ሁሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ግን አይገኝም። ስለዚህ የየክፍሉ ኃላፊ ስም በመዝገብ ሰፍሯል። በ2005 የተሠራው ጊት የተባለው መሣሪያም እያንዳንዱን የፕሮግራም መስመር በመጨረሻ ማን እንደለወጠው ያሳያል። ጀማሪውም በማዕረግ የላቀውን ሳይሆን ሥራውን በእጁ የሠራውን ፈልጎ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ መዝገብ ስምን እንጂ ዕውቀትን አያቆይም። ባለሙያው ሲሄድ የሥራው ምክንያት አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪውም አስፈላጊውን መስመር ትርፍ መስሎት ይሰርዘዋል። ስለሆነም የተጠየቀ መልሱን ጽፎ ያኑር፤ የተማረም ለሚከተለው ያስተላልፍ።