ቅባቱን የሚቀይር ወፍ

ጥር፣ እሑድ ጠዋት። ከለቡ መብራት ኃይል የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነው። በቃሊቲ በኩል አቃቂን አልፌ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ስደርስ ፀሐይዋ ከእምቦጩ በላይ ወጥታለች። እምቦጩ በተወው ጠባብ ውኃ ዳር፣ ፈረንጆች ራፍ የሚሏቸው እግረ ረጃጅም ወፎች መንጋ ሆነው ከጭቃው ምግብ ይለቅማሉ። እንቁላል የሚጥሉት ከስካንዲኔቪያ እስከ ሳይቤሪያ ባለው ረግረግ ምድር ነው። ከሰሜን ሳይቤሪያ ጠረፍ እዚህ ድረስ ከ6000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

አንዷን በመነጽር ተከታተልኳት። ምንቃሯን ጭራዋ ሥር ጫን ታደርግና ላባዋን አንድ በአንድ ታሻለች። እዚያ ቅባት የሚያመነጭ እጢ አለ። ዶሮ የበለተ ሰው ያውቀዋል፤ እናቴ ለበዓል ስትበልት ወጡ ይሸታል ብላ አስቀድማ ቆርጣ የምትጥለው እሱን ነው። ቅባቱ ላባው እንዳይደርቅና እንዳይሰባበር፣ ውኃም እንዳይዘልቀው ይረዳል።

እዚህ ድረስ ያመጣኝም ይኸው ቅባት ነው። በኔዘርላንድ ቴክሰል ደሴት ላይ ያሉ የባሕር ተመራማሪዎች፣ ቀይ ኖት የተባለውን የራፍ ዘመድ ቅባት በየወቅቱ መርምረዋል። አብዛኛውን ዓመት ቀለል ያለ ሰም ነው፤ አንድ የስብ አሲድ ከአንድ አልኮል ጋር የተጣመረበት። ወፉ ወደ አርክቲክ ለመሄድ ሲዘጋጅ ግን እጢው ሌላ ሰም ማመንጨት ይጀምራል፤ ሁለት ጊዜ የተጣመረ፣ ከበድ ያለ፣ ቶሎ የማይተን። እ.ኤ.አ. በ1999 ምናልባት የመጠናናት መኳኳያ ይሆናል ብለው ነበር። በ2004 የላባውን ነጸብራቅ ሲለኩ ግን ቅባቱ ምንም ለውጥ አላመጣም። ቀደም ብሎም በ2002፣ በ19 የዚሁ ቤተሰብ ዝርያዎች ላይ እንዳዩት፣ ከባዱ ሰም ከመጠናናቱ ወቅት አልፎ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ይቆያል።

ጎጆአቸው መሬት ላይ ነው። ቀበሮ ደግሞ በአፍንጫው ይፈልጋል። ስለዚህ ሽታ ለመለየት የሰለጠነ ውሻ አመጡና ሁለቱን ሰም አስሸተቱት። ውጤቱን በ2005 አወጡ፦ ውሻው ከባዱን ሰም ማግኘት ይበልጥ ከብዶታል። የማይተን ነገር ወደ አፍንጫ አይደርስማ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የአንድ እረኛ ልጅ ውሻ ሣሩን እያሸተተ መጣ። መንጋው ብድግ ብሎ ተነሣና ከወዲያ ማዶ አረፈ።

«ምን እያዩ ነው ጋሼ?» አለኝ ልጁ። የቻልኩትን ያህል ነገርኩት።

«ታዲያ ያንን የማይሸተውን እዚህ ለምን አይቀቡትም?»

«እዚህ የሚደብቁት እንቁላል የላቸውም» አልኩት።

ጥቂት አሰበና «እውነት ነው፤ የእነሱን ጎጆ አይተን አናውቅም» አለ።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ወፏ ከባዱን ቅባት ዓመቱን ሙሉ አታባክነውም። ከወንድና ከሴት አንዱ ብቻ በሚታቀፍባቸው ዝርያዎች እንኳ፣ እስከ መጨረሻው ይዞት የሚቆየው በአብዛኛው ታቃፊው ነው። እኛ ዘንድ የምትከርመው በዘወትር ቅባቷ ነው፤ ሌላውን የምታወጣው ለልጆቿ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ንፋስ ስልክ ላፍቶን አቋርጦ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ የሚገባው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው። ከእጣቢያችን ጋር ሳሙና አብሮ ይወርዳል። የሳሙና ሥራ ደግሞ ቅባት ማስለቀቅ ነው፤ የእጃችንን ይሁን የላባ አይለይም። የለቡ ጎረቤቶቼ፣ እጣቢያችንን ወደ ወንዙ አንልቀቅ። ወፎቹንም ማየት የሚሻ ቢኖር፣ ከመጋቢት ጀምሮ መሄድ ይጀምራሉና ሳይነጋ ተነሥቶ በጥር ወይም በየካቲት ይውረድ።