የጠፋችውን በረራን ፍለጋ

አንዱ በዕረፍቱ ቀን አደን ይወጣል፤ ሌላው አትክልቱን ይኰተኵታል። እኔና ልጆቼ ግን እሑድ እሑድ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ባሉት ኰረብቶች ላይ የጥንት ከተማ ፍራሽ ስንፈልግ እንውላለን።

በረራን ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኔስያ መነኵሴ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1450 ዓመት ግድም በሣለው ካርታ ላይ ጽፏታል፤ በ1529 ግድም ግን በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተዘርፋ ጠፋች። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትዊግ ብሬተርኒትስ በ2009 ባወጡት ጥናት በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ያሉትን የጥንት ሰፈሮች መረመሩ። ሌሎች ደግሞ በእንጦጦ ላይ ያለውን የድንጋይ ቅጥር ያመለክታሉ፤ እኔም ወደዚህ አደላለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ነው። ከእርሻ መካከል ገል ሲበዛ፥ ድንጋዩም ውሃ ሊደረድረው በማይችል ቀጥታ ሲሰለፍ ቆም ማለት ይገባል። ልጆቼ ግን አይቈፍሩም፤ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቈፈርን ከልክሏልና። ያዩትን በደብተር ይጽፋሉ፤ ገሉንም ባለበት ይተዉታል።

ባለፈው ዓመት በወጨጫ ግርጌ አንድ ካብ አይተን ልጄ አንድ ሽማግሌ ገበሬን፥ «አባባ፥ ይህን ማን ካበው?» ብትላቸው፥ «ልጄ፥ አባቴም ተክቦ ነው ያገኘው» አሏት። ዘንድሮ ስንመለስ ድንጋዩ ለአዲስ ቤት መሠረት ተጭኖ ሄዷል። በታናሹ ልጄ ደብተር ላይ ግን «ርዝመቱ 14 እርምጃ፥ በስተ ምሥራቅ ይታጠፋል» የሚል ጽሑፍ አለ።