ቤት ያጣ ቡድን

በእኛ አገር ሰው ሲሞት የእድር ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያስተዛዝናል። ቦታ ሲሞት ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም። ዙሪያው በቆርቆሮ ይታጠራል፤ ሰዉም በአጥሩ ጥግ እያለፈ ይለምደዋል። እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ የደሴ ሰው ነኝ። ስለ ስታዲየም ልጽፍ ነው ስላቸው ልጆቼ ሳቁብኝ። ነገሩ ግን የኳስ ብቻ አይደለም፤ የቤት ጉዳይ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ስታዲየም በየቀኑ የሚያልፍበት ሠፈር ነው። የታክሲው ረዳት ይጠራዋል፣ ባቡሩ ይቆምበታል። ለእኛ ለወሎዎቹ ግን ከዓይን በፊት በጆሮ የገባ ቦታ ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ አፍ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከአሰብ ተነስቶ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል አዲስ አበባ ይመላለሳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ጭነቱን አራግፎ፣ መኪናውን ለረዳቱ ትቶ ስታዲየም ገባ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ያን ቀን ሳያነሳ የዋለበት በዓል አልነበረም።

ታሪኩን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ ለልጆች ስል ግን ልድገመው። ውድድሩ 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ሲሆን ስታዲየሙ ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ ነበር። በፍጻሜው የገጠመችን ግብፅ ናት። ሁለት ጊዜ መሩን፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባቸው። በተጨማሪው ሰዓት ሁለት አገባንና 4 ለ 2 አሸነፍን። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ግን ከጎሎቹ ይልቅ ደጋግሞ የሚያወራው ስለ አንድ ሰው ነበር። አራተኛው ጎል ሲገባ አጠገቡ የነበረ የማያውቀው ሰው አቅፎት ዘለለ፤ የአባቴ ጋቢ በዚያው ጠፋ። «ሰውየው የየት አገር ሰው እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም» ይለን ነበር። ልጅ ሳለሁ የጋቢው መጥፋት ያስቀኝ ነበር። አሁን ሳስበው የታሪኩ ፍሬ ነገር አለመጠያየቃቸው ነው።

ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. እኔ ኮምቦልቻ በአንድ ጤና ጣቢያ የማታ ተረኛ ነበርኩ። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ከዚምባብዌ ጋር ሆነ። ጥበቃው ሬዲዮውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው። አስታማሚው፣ መራመድ የሚችለው ሕመምተኛ ሁሉ ዙሪያውን ከበበ። ያን ዘመን ደምሴ ዳምጤ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ኳሷ እዚያው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የምትንከባለል ይመስል ነበር። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄድ እኔ ምጥ ላይ ያለች እናት ጋ ነበርኩ። ውጭ ጩኸቱ ሲነሳ ሴትዮዋ እጄን ጨብጣ «ማን አገባ?» አለችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሠራሁበት ሙያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከወላድ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዋንጫው የእኛ ሆነ። የቡድኑ አሠልጣኝ ያ የ1954ቱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር።

ስታዲየሙን በዓይኔ ያየሁት በ1986 ዓ.ም. ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ወንድሜ ይዞኝ ገባ፤ መቀመጫዎቹንም እንደ ሠፈር በስማቸው አስተዋወቀኝ። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። ስሞቹን ያወጣው ሕዝቡ ራሱ ነው። በጆሮዬ ከማውቀው ስታዲየም ይልቅ በዓይኔ ያየሁት አነሰብኝ። የነርስ ዓይን ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ሰው በባዶ ሲሚንቶ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አንዱ ራሱን ቢስት በየት በኩል ይወጣል? ቃሬዛው የት ነው? ወንድሜን ብጠይቀው «አንቺ ደግሞ እዚህም ሥራ አትተይም!» ብሎ አሾፈብኝ።

ስለዚህ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሞቻችንን ሲከለክል ደንቡን አልተቃወምኩም። የሕክምና ክፍል፣ መውጫ በር፣ ወንበር፣ መብራት የቅንጦት ነገር አይደሉም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይድነቃቸው ተሰማም በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለ15 ዓመት ያህል መርተውታል። የአዲስ አበባው ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታም እየተንከባለለ ዓመታት አለፉ። የቀረን የባሕር ዳሩ ነበር፤ እሱም በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ታገደ።

ያ ወር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የማይረሳ ነው። ጦርነቱ ከተሞቻችን ገብቶ እኛ በየአቅጣጫው ተበትነን ነበር። እኔ ከልጆቼ ጋር ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ነበርኩ። ኅዳር 2 ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን ገጠመ፤ «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ የተካሄደው ግን ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ነው። የልጅ ልጄ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። «እማዬ፣ እነሱም ተፈናቅለው ነው?» አለኝ። የሚመልስለት አልነበረም። ሰው ቤት ያረፈ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዘመድ ቢወድህም፣ ቢያበላህም፣ ድምፅህን ቀንሰህ ነው የምታወራው።

በሰባት ወሩ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ወደ ቤታችን ተመልሰን ሳለን ቡድኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ያቺኑ የአባቴን ግብፅ! ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሜዳው ግን የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። ቤታችን የነበረው ጎረቤት ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እልል አለ፤ ከዚያ ቡና ተፈላ። ደስታው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ጋቢው የጠፋበት አባት፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ለልጆቹ «እዚያ ነበርኩ» የሚል ኢትዮጵያዊ ሾፌር አልነበረም። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ እንኳ በአዲስ አበባው ስታዲየም እንዲህ ብሎ የሚናገር ብዙ ሺህ ሰው ነበረ።

አንዳንድ ሰው «አሮጌ ግንብ ነው፣ ቢፈርስስ?» ይለኛል። መፍረሱን አልጠላሁም። የእንግሊዙ ዌምብሌይ እ.ኤ.አ. በ1923 ተከፍቶ በ2003 ፈረሰ፤ በ2007 አዲሱ በቦታው ተከፈተ። ጃፓኖችም የቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየማቸውን በ2015 አፍርሰው በ2019 አዲሱን ጨርሰዋል። የፈረሰው ስታዲየም የእኛም ትዝታ አለበት። አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ የገባው እዚያ ነው። ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። እኛ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ሕመምተኛ እንስራ እንዳይሸከም እንመክር ነበር፤ እሱ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ጃፓኖቹ ስታዲየሙን ሲያፈርሱ የኦሎምፒኩ እሳት የነደደበትን ትልቅ ማንደጃ አልጣሉትም፤ በሱናሚ ለተጎዳችው ለኢሺኖማኪ ከተማ በውሰት ሰጧት። የተጎዳ ከተማ ከትልቁ ስታዲየም ቅርስ ድርሻ አገኘ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደሴ ትዝ አለችኝ።

ማፍረስ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ቀኑ ይታወቃል፣ የሚቀመጠው ቅርስ ይለያል፣ አዲሱ ይሠራል። ሳይፈርስም ሳይድንም የሚቆይ ቦታ ግን እንደማይድን ሳይነገረው አልጋ ላይ እንደሚቆይ ሕመምተኛ ነው። ቤተሰቡ ጠያቂ መሆን ይሰለቸዋል፣ ልጆቹም ይረሱታል። የልጅ ልጄ የአርሴናልን ስታዲየም በሮች ያውቃቸዋል፤ ካታንጋ ስለው ግን የምግብ ስም መስሎት ሳቀ።

እኛ ቤተሰቦች ስታዲየም አንሠራም። የምንችለው ግን አለ። በየቤቱ 1954ን ወይም 1980ን የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ በዚህ ሰንበት ጠይቁት፤ ስልካችሁ ይቅዳው። እድሳቱን የሚሠሩትም ወንበሩን ቁጥር ሲሰጡት ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚሉትን ስሞች ግድግዳው ላይ ይጻፉልን። እዚህ ደሴ ደግሞ ሆጤን፣ ኮምቦልቻም ያሉትን ሜዳዎች እንጠብቅ። ልጆች ሲጫወቱበት የዋሉበት ሜዳ አጥር ሲበዛበት፣ ዕቃ ማራገፊያ ሲሆን ዝም አንበል። የደም ግፊትና ስኳር እየበዛ በመጣበት በዚህ ጊዜ ሜዳ መድኃኒት መሆኑን ከሙያዬ እመሰክራለሁ። የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይጠያየቁ የሚተቃቀፉበት ቦታ ደግሞ ለወሎ ከመድኃኒትም በላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን የአባቴን ታሪክ አስደግሜዋለሁ። ጎሎቹን አሳስቷል፤ የጋቢውን ግን አንድም ቃል አላጎደለም።