የአላቬርዲ ገዳም ቀይ ወይን

በጆርጂያ አገር ምሥራቃዊ ክፍል ወደ ካኼቲ የሚሄድ መንገደኛ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አስቀድሞ የወይን ተክል ይቀበለዋል። እኛም ከትብሊሲ ከተማ ተነሥተን የጎምቦሪን ተራራ በተሻገርን ጊዜ የአላዛኒ ሸለቆ ከፊታችን ተዘረጋ። ከሸለቆው ባሻገር የካውካሶስ ተራሮች ቆመዋል፤ በሜዳው ላይ ደግሞ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአላቬርዲ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከሩቅ ይታያል።

ካቴድራሉ የታነጸው በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ገዳሙን ግን በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረተው ከሶርያ ከመጡት ዐሥራ ሦስቱ አባቶች አንዱ የሆነው ዮሴፍ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህን ስንሰማ ወደ አገራችን የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን ትዝ አሉን። የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን የኬልቄዶንን ጉባኤ ስለ ተቀበለች ከእኛ ጋር በቍርባን አንድ አይደለችም፤ ነገር ግን የገዳማዊ ሕይወት ሥር በሁለቱም አገር ከሶርያ ምድር ጋር የተያያዘ መሆኑን ማሰብ ደስ ያሰኛል።

በገዳሙ ቅጽር ውስጥ ያለው የወይን ቦታ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ከ100 የሚበልጡ የአገሩ የወይን ዓይነቶች ተተክለውበታል። ይህ የተደረገው ለጌጥ አይደለም። ጆርጂያ ከ500 የሚበልጡ የራስዋ የወይን ዓይነቶች ያሏት ስትሆን፣ በሶቪየት ዘመን መንግሥት ብዙ ምርት የሚሰጡትን ጥቂቶቹን ብቻ ስለ መረጠ ሌሎቹ ሊጠፉ ተቃርበው ነበር። ገዳማቱም በዚያው ዘመን ተዘጉ።

ቀዩ ወይን የሚጠመቀው ሳፔራቪ ከሚባለው ፍሬ ነው፤ ትርጓሜውም ማቅለሚያ ማለት ነው። የብዙ ቀይ ወይን ፍሬ ልጡ እንጂ ሥጋው አይቀላም፤ የሳፔራቪ ግን ሥጋው ራሱ ቀይ ነው። ጭማቂው ከነልጡ ክዌቭሪ በሚባል እንደ ዕንቍላል በሾለ ታላቅ የሸክላ ጋን ውስጥ ይጨመራል። ጋኑ ውስጡ በንብ ሰም የተቀባ ሲሆን እስከ አፉ ድረስ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። የፋብሪካ እርሾ አይገባበትም፤ በፍሬው ላይ ያለው እርሾ ራሱ ያፈላዋል። በሚፈላበት ጊዜ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን ልጥ በየቀኑ ደጋግመው በእንጨት ወደ ታች ይደፍቁታል። መፍላቱ ሲያበቃ የጋኑ አፍ ይታሸጋል፤ የመሬቱም ቅዝቃዜ ይጠብቀዋል። ጥቁር እስኪመስል የቀላው ይህ ወይን ሲቀመስ አፍን ጠበቅ የሚያደርግ ኃይል አለው።

መነኮሳቱ ይህን ሥራ እንደ ገና የጀመሩት በ2006 (በኤውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። በዚያው ዓመት ሩስያ የጆርጂያ ወይን ወደ አገርዋ እንዳይገባ ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ 2013 ቆየ። ዋናው ገበያ በተዘጋበት ወራት ሰው ሁሉ ስለ ኪሳራ ሲጨነቅ፣ መነኮሳቱ ለብዛት ሳይሆን ለጥራት ወደ አባቶቻቸው ጋን ተመለሱ። በ2013 ዩኔስኮ የክዌቭሪን አጠማመቅ በሰው ልጅ ቅርስነት መዘገበው። በ2017 ደግሞ ሊቃውንት በጆርጂያ ምድር በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ 8,000 ዓመት ገደማ የሆነው የወይን ምልክት ማግኘታቸውን ገለጡ።

ይህን ያህል ዘመን የኖረ ጥበብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ በቤተ ልሔም ይዘጋጃል፤ ይህም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ሥርዓት ነው። እናቶቻችን ጠላና ጠጅ የሚጠምቁበት፣ ጋን የሚያጥኑበት ዕውቀትም እንዲሁ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ የተጻፈ ነው። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ከጎናችን ቆመው የሚያዩበትን ጊዜ እንስጣቸው። የአላቬርዲ መነኮሳት ያቋረጡትን መልሰው ማግኘት የቻሉት፣ በየመንደሩ ጋኑን ያልጣሉ ቤተሰቦች ስለ ነበሩ ነውና።