ዲኤክስ፣ ኤክስኪዩቲቭ እና የእንጦጦ ዳገት

አዲስ አበባ ውስጥ «ኤክስኪዩቲቭ» ሲባል ከረባት ያሰረ የኩባንያ ኃላፊ የሚታየው ሰው ጥቂት ነው። የሚታየው ኮሮላ ነው። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣችው ኮሮላ ከነበሯት የደረጃ መጠሪያዎች አንዱ ተነጥሎ እዚህ የመኪናዋ ስም ሆኖ ቀረ። ከእሷ በፊትም ያው ነበር፤ «ዲኤክስ» የምንላት «ዴሉክስ» ከሚለው የደረጃ መጠሪያ ያጠረች ናት። ከተማዋ ለመኪና ስም ስታወጣ ሁለቴ ከምቾት በኩል ቃል ተበድራለች። ስፖርት የሚለው ቃል ይህ ዕድል አልገጠመውም፤ የደረሰው ቸርኬ ላይና የመሪ ልብስ ላይ ነው።

እንበልና አንድ የጉለሌ ሰው መኪና ሊገዛ ነው። ቤቱ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ። ደላላው ሁለት አቅርቦለታል። አንደኛዋ ደህና የተያዘች ባለ 1.6 ሊትር ኤክስኪዩቲቭ ናት፤ ወንበሯ ለስላሳ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ዕቃዋ በየሱቁ የሚገኝ። ሁለተኛዋ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣችው ቢኤምደብሊው 320፣ መሪዋ ከበድ ያለ፣ ወንበሯ ወገብ የሚጨብጥ፣ የቆመች እንኳ የምትሮጥ የምትመስል። ሰውየው ሌሊቱን ሁሉ ሁለተኛዋን እያሰበ እንደሚያድር መገመት አይከብድም።

ወረቀቱ ላይ ነገሩ ያለቀለት ነው። ኮሮላዋ 110 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ቢኤምደብሊዋ 150። ግን ይህ ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጉለሌ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ እዚህ ያለው አየር ከታች ካለው ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በሳበው አየር ልክ ነው የሚሠራው፤ አየሩ በሩብ ከቀነሰ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሒሳቡ ሲሠራ የቢኤምደብሊዋ 150 ወደ 112 ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመች ኮሮላና ሽሮ ሜዳ የደረሰች ቢኤምደብሊው ጉልበታቸው እኩል ነው ማለት ነው፤ ያውም ቢኤምደብሊዋ ከ200 ኪሎ በላይ እየከበደች። ኮሮላዋም ብትሆን ዳገቱ አይምራትም፤ ከ110 ወደ 82 ገደማ ትወርዳለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ ስታቃስት የሰማ ያውቀዋል።

ይኸው ስስ አየር ለሌላ ዓይነት ሞተር ጠቅሟል። እንጦጦ ላይ ማልደው የሚሮጡ አትሌቶች ደማቸው አየሩን ለምዶ ኦክስጅን የሚሸከሙ ሕዋሳቱን ያበዛል፤ ቆላ ሲወርዱ ትርፉን ያገኙታል። እዚያ ጫካ ውስጥ ሲለማመድ የኖረው ኃይሌ ገብረሥላሴ በነሐሴ 1985 ሽቱትጋርት ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ለአሸናፊዎች የተሰጠው ሽልማት መርሴዲስ መኪና ነበር። መርሴዲስ በገዛ ከተማው የሸለመው ሰው ከዓመታት በኋላ ራሱ መኪና ሻጭ ሆነ። ከአጋሮቹ ጋር የመሠረተው ማራቶን ሞተር የሀዩንዳይ መኪናዎችን እየገጣጠመ ይሸጣል። ወደዚህ ነገር እንመለሳለን።

ቁጥሩ ሁሉ ግን ለኮሮላ አያደላም። ክረምት ላይ ኮብልስቶን የተነጠፈበትን ዳገት አስቡ፤ ድንጋዩ ርሷል፣ ጭቃ ወርዶበታል። መኪና ሽቅብ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የኮሮላ ጉልበት ያለው የፊት ጎማ ላይ ስለሆነ ጎማው ቀሎት ባዶውን ይሽከረከራል። ቢኤምደብሊዋ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው፤ ክብደቱ በሄደበት ትይዛለች። ቁልቁል ሲመጣ ደግሞ ጥሩ ፍሬንና የማይዋዥቅ አሞርዛተር ዋጋቸው ይታወቃል። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ ካምቢዮውን ዲ ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ታች ሲደርስ የተቃጠለ ነገር ይሸተዋል። ማርሽ ቀንሶ መውረድ ለሁለቱም ግድ ነው።

ቢኤምደብሊዋ የምትሸነፈው ጎሚስታው ደጃፍ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሲመረቱ የተገጠመላቸው ጎማ ተንፍሶም ጥቂት እንዲሄድ ተብሎ ጎኑ የደረቀ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስኮርታ ጎማ ተይዞላቸው አልወጡም። ከፋብሪካ ሲወጡ የታሰበላቸው መንገድም የጀርመን አስፋልት ነው። የስፖርት ጎማ ከተደረገላት ደግሞ ባለ 17 ቸርኬው ላይ የሚቀረው የጎማ ጎን 101 ሚሊሜትር ነው። የኤክስኪዩቲቭ ባለ 15 ቸርኬ ከነጎማው 117 ሚሊሜትር ይተዋል። አንድ ጣት በማይሞላው በዚህ ልዩነት ጉድጓድ ውስጥ የገባ ቸርኬ ወይ ይተርፋል ወይ ይጣመማል።

ፍጥነቱስ? የሚሄድበት ከተገኘ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ የቱሉ ዲምቱው መግቢያ ግን ከሽሮ ሜዳ የከተማዋ ሌላ ጫፍ ነው። እዚያ ለመድረስ ከተማውን በሙሉ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ስፖርት መኪና ገዝቶ ስፖርቱን ለመሥራት ወረፋ መጠበቅ ዓይነት ነው።

ምርጫው ከነጂው ፍላጎት ይልቅ በመንግሥት ወረቀት የተወሰነባቸው ዓመታትም ብዙ ናቸው። የ1995ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪናን በሞተሩ መጠን ከፍሎ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለ። ባለ 1.6 ሊትሯ ኮሮላ መሐለኛው ላይ አረፈች፤ ባለ 2 ሊትሯ ቢኤምደብሊው የላይኛው ላይ ወደቀች። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲመጣ ደግሞ ዕድሜም ይቆጠር ጀመር፤ ያረጀ መኪና ማስገባት ጭራሽ የሚያዋጣ አልሆነም። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታወቁ። ስለዚህ የጉለሌው ሰው ፊት የቆሙት ሁለቱም አሮጌዎች ናቸው፤ ሁለቱም ቀድመው የገቡ፣ ሊብሬያቸው ከእጅ ወደ እጅ የዞረ። የደላላው ዋና ጥያቄም «ነገ ስትሸጣትስ?» ነው። እዚህ ላይ ኮሮላን የሚያሸንፍ የለም።

የኋላ ወንበር ነገር አለ ደግሞ። ምቾት ተብሎ የሚሸጠው መኪና በዓለም ዙሪያ የሚለካው ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ጉልበት በሚተርፈው ቦታ ነው። የእኛ ታሪክም የኋላ ወንበርን ትርጉም ያውቃል፤ ሮልስ ሮይስና መርሴዲስ የለመዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ኋላ ወንበር ነበር። ወደ ጉለሌ ስንመለስ ደግሞ ኋላ የሚቀመጡት እሑድ ኪዳነ ምሕረት የሚሳለሙ እናት ናቸው፣ ትምህርት ቤት የሚደርሱ ልጆች ናቸው፣ የሰርግ ቀን ደግሞ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ቀሚሷን ሰብስባ የምትገባ ሙሽራ። ሙሽራ ከዝቅተኛ ስፖርት መኪና ስትወጣ ሚዜዎቹ የሚያዩትን ፈተና ያየ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ብዙ አያወራም።

አሁን ወደ ኃይሌ እንመለስ። ማራቶን ሞተር በሐምሌ 2012 አዮኒክ የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና እዚሁ ገጣጥሞ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ከተማውን ያጥለቀለቁት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ለጉለሌ ያመጡት ነገር ብዙ ያልተወራለት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። ሽሮ ሜዳም፣ እንጦጦ ጫፍም፣ ጅቡቲም ጉልበቱ አንድ ነው። ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ የምቾት መኪና ነው። ሲረገጥ ወዲያው ይወረወራል፤ ስለዚህ የስፖርት መኪና ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የቢኤምደብሊው ኤም 5፣ በዘመኑ የስፖርት ሴዳኖች አውራ የነበረው፣ ከዜሮ ወደ 100 ለመድረስ 6.5 ሰከንድ ገደማ ይፈልግ ነበር። ቢዋይዲ ከተባለው የቻይና አምራች የመጣችው «ሲል»፣ አራቱም ጎማ የሚገፋላት ሴዳን፣ በ3.8 ሰከንድ ትደርሳለች፤ መልኳ ግን ለቅሶ ቤት በር ላይ ቢያቆሟትም የማታሳፍር ነው።

ቁልቁለቱም ሌላ ሒሳብ አለው። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፣ የመንገዱን ልፋት ሳይጨምር፣ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቤንዚን መኪና ያንን ቁልቁል ሲወርድ በፍሬን ሙቀት ይበትነዋል። የኤሌክትሪኳ ሞተሩን እንደ ፍሬን ተጠቅማ ከፊሉን ወደ ባትሪው ትመልሳለች፤ ከእንጦጦ ወርዳ ሽሮ ሜዳ ስትደርስ የቻርጅ ቁጥሯ ጫፍ ላይ ከነበረው ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ባትሪዋ ግን ወለሏ ሥር የተነጠፈ ነው። ያ ያልተስተካከለ ኮብልስቶን፣ ያ ሳይቀባ ያደረ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ሆዷን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ለባለቤቱ ከኮሮላ ፓራውልት መጫር በጣም የከበደ ነው።

ለሙከራ የሚወጣ ገዢ ብዙ ጊዜ ደላላው በመረጠለት ሜዳ መንገድ ላይ ነድቶ ይመለሳል። ጃን ሜዳ ዙሪያ ሁሉም መኪና ጥሩ ነው። የጉለሌው ሰው አራት ሰው ጭኖ፣ ከኋላ እናቱን አስቀምጦ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ እንዲወጣ ቢፈቀድለት፣ መጀመሪያ የሞተሯን ድምፅ፣ ሲመለስ ደግሞ የፍሬኗን ሽታ ያስተውል ነበር። እናቱም ወርደው ነጠላቸውን እያስተካከሉ የሚሉት ነገር አያጡም።