በሽልንግ ተቀብሎ በዶላር የሚከፍል

ሐርጌሳ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ማለዳ ከዋሂን ገበያ ወደ አዲሶቹ ግንባታዎች ሳዘግም አማርኛና ኦሮምኛ ሰማሁ። ያገሬ ልጆች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ብሎኬት አልተሸከሙም፤ አካፋቸውን አጋድመው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ካቦው የሁለት ሳምንት ደመወዛቸውን በጥሬ የሶማሊላንድ ሽልንግ ሲያመጣላቸው፣ «በዛድ፣ በስልክ በሚላከው ዶላር ይሁንልን» ብለው አሻፈረን ብለዋል።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ ከወሎ የመጣ ወጣት ግንበኛ፣ በላስቲክ የታሰረ ሽልንግ እያሳየኝ። «ሲያዩት ብዙ ነው። የቤት ኪራዩ ግን በዶላር ነው፤ ለእናቴ የምልከውም ዶላር ነው።»

በዚያ ሰሞን አንድ ዶላር ወደ 10,000 ሽልንግ ይመነዘር ነበር፤ ትልቁ ኖት 5,000 ነበር። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም በ2001 ዓ.ም. ዛድን ካስጀመረ ወዲህ ከተማው በስልኩ በዶላር ይገበያያል። ሽልንጉ የቀረው ከታች ላለው ሰው ነው።

ሽልንጉ ብቻ አይደለም፤ ገበያውም ቀዝቅዟል። ለምን ብዬ አንድ ሱቅ ጠባቂ አዛውንት ጠየቅሁ። በእጃቸው ወደ ዋሂን አመለከቱኝ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ዋዜማ ሌሊት፣ እሳት ገበያውን በላው፤ ባለሥልጣናቱ የጠፋው ወደ 2,000 ሱቅ ነው ብለው ነበር። ከዚያ በፊትም በ2009 ዓ.ም. ድርቁ የአርብቶ አደሩን ከብት ፈጀ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ አረቢያ የቁም እንስሳቱን አልቀበልም አለች። ከበርበራ ወደብ የሚጫነው በግና ፍየል ሲቀንስ እዚህ ቤት የሚያሠራ ሰውም ይቀንሳል።

ወጣቱን «አገር ቤት አትመለስም?» አልኩት።

«ወዴት ልመለስ ጋሼ? ሐምሌ ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይዋል ከተባለ ወዲህ እናቴ በስልክ የምትነግረኝ የዘይቱን ዋጋ ብቻ ነው።»

ተስፋው የተቆረጠው ከሁለቱም ወገን ነው፤ እዚህ ሽልንጉ፣ እዚያ ብሩ። ማኅበር የለው፣ የመኖሪያ ወረቀት የለው፤ ያለው አካፋውን ማጋደም ብቻ ነው።

ወደ ቀትር ካቦው ግማሹን በዛድ ላከላቸው። ስልኮቹ ተራ በተራ ጮኹ፤ ልጆቹ ቁጥሩን ደጋግመው አንብበው ተነሡ። ቀሪው ግማሽ ግን አሁንም በላስቲክ ታስሮ በኪሳቸው አለ። የቤት ኪራይ የሚጠየቅበት ገንዘብ ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ይሁን፤ ልጆቹ የጠየቁት ይህንኑ ነው፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።